ጋሸና ላይ አልወረድኩም

ሐሙስ፣ ጥር 28። ጠዋት

ቁርስ፦ እንቁላል፣ ዳቦ፣ ሻይ። ሻዩ ቀዝቅዟል። እኔ አልቀዘቀዝኩም።

ደብተሬ፣ በቅደም ተከተል ልንገርሽ፤ ኋላ ሰው ሲያግባባኝ እንዳልረሳው። ትናንት ከኮምቦልቻ ሁለት ሆነን ተነሣን። ላሊበላ የገባሁት ብቻዬን ነው። ባሌ ካሣ ጋሸና ላይ ወረደ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚኒባሱ ጋሸና ለምሳ ቆመ። ካሣ አንድ ሰው አይቼ ልምጣ ብሎ ከምግብ ቤቱ ጀርባ የጭነት መኪኖቹ ወደሚቆሙበት ግቢ ገባ። ሽሮዬን ብቻዬን በላሁ። ሲመለስ ስልኩ ጆሮው ላይ ነው። የወንድሙን የታደሰን ልጅ ለትዳር ሊጠይቁ ሽማግሌዎች አርብ ይመጣሉ አለኝ። ድንገት ነው የተወሰነው። ከጾሙ በፊት ካልሆነ አይሆንም ብለዋል። እሱ ታላቅ ነው፣ ያለ እሱ ነገር አይቆረጥም። ሻንጣሽን አውርጂ፣ ወልድያ የሚመለስ መኪና አለ።

ድምፁን ከፍ አላደረገም። ካሣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ሰው ሁሉ ደግ ሰው አገባሽ የሚለኝ ለዚህ ነው።

ረዳቱ ላሊበላ፣ ላሊበላ ይላል። ተመልሼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ካሣ በመስኮቱ መጣ። ሰው እያየን ነው አለኝ። ይይ አልኩት። መኪናው ሲነቃነቅ እጁ መስኮቱ ላይ ነበር፤ ከዚያ አነሣው። ዞሬ አላየሁም።

ከተጋባን ጀምሮ ላሊበላ እወስድሻለሁ ይለኛል። ለገና ስንለው እናቱ ታመሙ። ለጥምቀት ስንለው ሱቁን የሚጠብቅ ጠፋ። አንዴ ሻንጣ ታስሮ፣ በር ላይ ቆመን፣ የአጎቱ ሞት መጣ። ሞትን ማን ይቆጣል፤ እሱንም ዋጥኩት። እኔ የኅብረተሰብ ሳይንስ መምህርት ነኝ። የቤተ ጊዮርጊስን ጣሪያ በጠመኔ ስስል ነው የኖርኩት። ልጆቹ ቲቸር አይተሽዋል ይሉኛል። አላየሁም ማለት ሰልችቶኛል።

ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ወ/ሮ ጥሩወርቅ ይባላሉ። ትናንት ማታ መታወቂያዬን አገላብጠው አዩ። ባለቤትሽ እዚህ መሆንሽን ያውቃል ወይ አሉ። ያውቃል አልኩ። እስቲ ደውይለት አሉ። አልደውልም አልኩ። መታወቂያዬን መለሱልኝና ከራሳቸው መኝታ ጎን ያለውን ክፍል ሰጡኝ። ለጥበቃ መሆኑ ነው። አርባ ዓመት ያለፈኝ ሴት ነኝ።

የዚያኑ ቀን፣ ከሰዓት

ስዞር ዋልኩ። ከተማው ዳገትና ቁልቁለት ብቻ ነው። ጥርብ ድንጋዩ ጫማ ያንሸራትታል። ወሎዬ ነኝ፣ የገዛ አገሬ ነው፤ ግን አፌን ስከፍት ከየት ነሽ ይሉኛል። ንግግራቸው እንደኛ ሆኖ ዜማው ይለያል። በየደጁ አይን ይከተለኛል። በክፋት አይደለም። ብቻዋን የምትሄድ ሴት እዚህ ትታያለች፣ ያው ነው።

አንድ ጃኬት የለበሰ አስጎብኚ ተከተለኝ። እህቴ፣ ብቻሽን ነሽ? ብቻዬን ነኝ። ሰው ትጠብቂያለሽ? አልጠብቅም። ላስጎብኝሽ? አልፈልግም፣ አውቀዋለሁ። ፈረንጅ ከቀረ ወዲህ ሥራ እንደሌለው ነገረኝ። ትሑት ሰው ነው። ተቆጣሁት። ምንም አላደረገኝም፣ ግን ተቆጣሁት።

ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ቆሜ አየሁት። ተሳላሚው እየመጣ ድንጋዩን ይስማል። መስቀሉ ውስጥ መስቀል፣ እሱ ውስጥ ሌላ መስቀል። ስስለው መስመሩን ትክክል ስስል ነበር ለካ። ግን ጥልቀቱን አልገመትኩም፤ ጠመኔ ጥልቀት የለውም። እና ደብተሬ፣ እዚያ ቆሜ ምን ሳስብ ነበር መሰለሽ? ለካሣ ምን እንደምለው። ቃል በቃል ስደረድር። ጣሪያው ከፊቴ ነው፣ እኔ በልቤ ከባሌ ጋር እጨቃጨቃለሁ። ስነቃ ፀሐዩ ዞሮ ግማሹ ጥላ ሆኗል።

ይህን ያህል ጠብቄው፣ ሲገኝም አብሮኝ መጥቶ አበላሸብኝ። ያልመጣ ሰው።

አርብ፣ ጥር 29። ከሰዓት

ስልክ፦ ታደሰ ሁለቴ፣ ካሣ አንዴ። ካሣ የሺ ደህና አደርሽ ወይ አለ፣ በርዶሽ እንዳይሆን አለ። በረደኝ አላልኩትም። ዛሬ ሽማግሌዎቹ የሚመጡበት ቀን ነው። ታደሰ ደግሞ የቤቱ ታላቅ ወንድም ሚስት ሳትኖር ሰው ምን ይላል ይላል። ሰው ምን እንደሚል ሲጠይቀኝ ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን እኔ ምን እንደምል አልጠየቀኝም።

ዛሬ ወደ ምሥራቁ ወገን ሄድኩ። ከቤተ ገብርኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚያሻግር ጨለማ ዋሻ አለ። ብርሃን አይበራበትም፤ በዳሰሳ ነው የሚታለፈው። እንደ ሲኦል ማለፍ ነው ይላሉ። ከፊቴ የነበሩ ሰዎች አለፉ፣ ብቻዬን ገባሁ። ጥቂት እንደሄድኩ የራሴን እጅ አጣሁት። ወለሉ ጎድጓዳ ነው። ድንጋዩ ቀዘቀዘኝ፣ ቆምኩ። እዚያ ጨለማ ውስጥ ነው ያለቀስኩት። ማንም አያይም ብዬ።

ከፊቴ ድምፅ መጣ።

«ማነሽ ከኋላዬ እምትተነፍሽ?»

«መንገደኛ ነኝ እማማ። ይሂዱ፣ ግድ የለም።»

«የት ልሂድ፣ አይታየኝ። እጅሽን አምጭው።»

እጃቸው ሻካራ፣ ሙቅ ነው። ጥብቅ አድርገው ያዙኝ። ግድግዳውን እየዳሰስን ወጣን። ብርሃን ላይ ሳያቸው አጭር፣ ከሲታ፣ ነጠላቸው በአቧራ የቀላ። ዓይኔን አዩ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥን።

ስማቸው እማማ ዝናሽ ነው። ከሙጃ ነው የመጡት። ግማሹን በእግር፣ ግማሹን እህል በጫነ አይሱዙ ላይ። ለመሳለም ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልከስ ነው የመጣሁት» አሉ።

የወንድማቸው ልጅ ወሰን ገፍቶ መሬታቸውን አርሷል። ሽማግሌ አስቀመጡ፤ ሽማግሌዎቹ «ተሳሳሙ፣ ደምን አታካሩት» አሉ። ቀበሌ ሄዱ፤ ቀበሌው ሥጋ ዘመድ ነው አለ። እሳቸው ደግሞ እሽ ብለው ወጥተው ቀጥታ ለጊዮርጊስ ሊነግሩት መጡ። ትናንት ነግረውታል። ዛሬ ለገብርኤል ደገሙት። ነገ ለመድኃኔዓለም ይደግሙታል። ሲነግሩኝ ዓይናቸው ይቀላል። ስለዚያ ሰው ያወረዱትን እርግማን አልጽፈውም፤ ቦታው ቅዱስ ነው።

ደብተሬ፣ እንደሳቸው የተናደደ ሰው ሳይ ደስ አለኝ። እውነቴን ነው። እዚህ ከተማ ከገባሁ ጀምሮ፣ እዚህ የመጣ ሰው ይረጋጋል፣ ይቅር ይላል እየተባልኩ ነበር።

«አንችስ ማንን ልትከሽ መጣሽ?» አሉኝ።

«ባሌን» አልኩ። ሳላስበው ነው የወጣው።

«ይመታሻል?»

«አይመታኝም።»

«ይጠጣል?»

«አይጠጣም።»

«ሌላ ሴት አለችው?»

«እስከማውቀው የለችም።»

 «ታዲያ በምን ትከሽዋለሽ?»

 እሳቸው ነጠላቸውን አራግፈው ተነሡ። አብሽሪ፣ ክሱ ሲገኝ ለጊዮርጊስ ትነግሪዋለሽ አሉና ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ያ ጥያቄ ያቃጥለኛል። ደግ ሰው በምን ይከሰሳል? ጋሸና ላይ ወረደ ብዬ? ሰው ለወንድሙ ልጅ ወረደ፤ የትኛው ዳኛ ይሰማኛል። የማይከሰስ በመሆኑ ራሱ ተናደድኩበት።

ቅዳሜ፣ ጥር 30። ወደ ምሳ ላይ

ገበያ ውዬ መጣሁ። ቅዳሜ የላሊበላ ገበያ ነው። ከየአቅጣጫው አህያ፣ ፍየል፣ ጤፍ፣ ነጭ ማር በቅል። ማሩን ቀመስኩ። ሻጯ እንደኔ ጎልማሳ ነች፤ ይህን ማር ባልሽ ሲቀምስ ላስታ ካልኖርኩ ይላል አለችኝ። ሳቅኩ። ከረቡዕ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቄ ነው። ለእህቴ ገዛሁ። ለካሣ አልገዛሁም። ጥሩ ጠዋት ነበር። ጻፊልኝ፣ ጥሩ ነበር።

ከዚያ አስናቀች ደወለች። የታደሰ ሚስት፣ የተጠየቀችው ልጅ እናት። ከመጀመሪያውኑ እየጮኸች ነው። ትናንት ሽማግሌዎቹ መጥተው፣ ወጡን ከጎረቤት ጋር ሠርታ፣ እንግዳውን ብቻዋን አስተናግዳ፣ እንዴት አዋረድሽኝ ትላለች። አስናቀችን እወዳታለሁ። ይቅርታ አልኳት። ድንገት ስለሆነ ነው፣ ቀኑን ባውቅ ከኮምቦልቻም አልነሣም ነበር አልኳት።

 ከዚያ፣ ምን ድንገት አለ፣ ከተቆረጠ እኮ ሳምንት አልፎታል አለች። ካሣ እዚሁ ቤት ቁጭ ብሎ ነው የተቆረጠው። ጋሸና የሚሸጥ የጭነት መኪና አለ፣ እሱን አይቼ ሐሙስ እመለሳለሁ፣ የሺንም ነፋስ ላስነካት ብሎ ነው የወጣው አለች። አንቺም ታውቂያለሽ ብዬ ነበር አለች። ድምፅዋ ወረደ። የሺ፣ የሺዬ፣ አታውቂም እንዴ አለች።

አላውቅም ነበር።

ስልኩን ዘጋሁት። ማሩን ይዤ ከገበያው በታች ቁልቁል ሄድኩ፣ ቤቶቹ እስኪያልቁ። ቁጭ አልኩ። ፊት ለፊት ገደል፣ ከገደሉ ማዶ ሌላ ገደል።

ስለዚህ ላሊበላ ሊደርስ አላሰበም። ከመጀመሪያው። ሻንጣዬን ስከተው አጠገቤ ቆሞ ሹራብ ጨምሪ፣ ደጋ ነው ሲለኝ እንደማንደርስ ያውቅ ነበር። መንገድ ላይ ሙሉ ስለ አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ሳወራለት ሲሰማኝ፣ ራሱን ሲነቀንቅ፣ የትኛውን አስቀድመን እንየው ብዬ ስጠይቀው አንቺ እንዳልሽ ሲለኝ፣ ያውቅ ነበር። ጋሸና ድረስ አምጥቶ፣ መኪናውን አይቶ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ድንገት ነው።

ስልኩ ላይ ማንም ሰው መኖሩንም እንጃ።

ይኸው ደብተሬ። ትናንት በምን ትከሽዋለሽ ተባልኩ። እንደ ልጅ አባብሎኛል። በከረሜላ ሐኪም ቤት እንደሚወሰድ ልጅ። ደግሞስ ይህ የመጀመሪያው ነው? ሱቁን የሚጠብቅ የጠፋው እውነት ጠፍቶ ነው? አሁን ወደ ኋላ ሄጄ ሁሉንም ልመረምረው ነው። ይህን ነው ይቅር የማልለው። ያለፈውን ሁሉ አጠራጣሪ አደረገብኝ። የእናቱን ሕመም ሳይቀር። አስታምሜያቸዋለሁ፣ ታመው ነበር፣ አውቃለሁ፤ ግን ለአፍታ ጠረጠርኩ። እስከዚህ አወረደኝ።

 በቃኝ ለአሁን።

እሑድ፣ የካቲት 1። ከምሽቱ በፊት

ጠዋት ስልኬን ከፈትኩ። ካሣ ጽፏል፦ መጣሁ። አስናቀች ነግራዋለች ማለት ነው። አልመለስኩም። አሸተን ማርያም ወጣሁ። በቅሎ አለ አሉኝ፣ በእግሬ ነው ያልኩት። ዳገቱ ሳንባ ይቀድዳል። ንዴት ጥሩ ጉልበት ነው፤ ሳላርፍ ግማሽ ደረስኩ፣ ከዚያ ወደቅሁ ማለት ይቻላል። ከአምባው ላይ ሁሉም ነገር ትንሽ ነው፤ ከተማው፣ መንገዱ፣ በአቧራው ውስጥ የሚመጣ አንድ ነጭ መኪና። አባ መስቀል አሳለሙኝ። ከማን ጋር ነሽ አላሉኝም። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ከሰዓት ስወርድ ነጭ ፒክአፕ በር ላይ ቆሟል። ካሣና ታደሰ ወ/ሮ ጥሩወርቅ ሳሎን ቁጭ ብለው ይበላሉ። ወ/ሮ ጥሩወርቅ ጨዋ ባል እያለሽ ይሉኛል ገና ሳልገባ። ካሣ ተነሣ። ጺሙ አድጓል። ክንዱ ላይ የእኔን ጋቢ ይዟል፣ ከቤት፣ የአልጋዬን። ይበርድሻል ብሎ ነው አለ።

ደብተሬ፣ ያን ጋቢ ሳይ ልቤ ሊባባ ነበር። ይህን ሳልጽፍ ብቀር እዋሽሻለሁ። ከዚያ እንደገና ተናደድኩ። ጋቢውን ሲይዝ የሚያስብልኝ ሰው፣ ሲዋሸኝም ያስብልኝ ነበር ማለት ነው።

ወ/ሮ ጥሩወርቅ ወጡልን። ታደሰ ጀመረ። ልጅቷ ተሰጥታለች፣ በሰላም አልቋል፣ የሆነው ሆኗል፣ መኪናው ነዳጅ ሞልቷል፣ ወልድያ አድረን ነገ ቤታችን እንገባለን። ታደሰ ሁሌም እንዲህ ነው፤ እኔ ሳልኖር ተወስኖ ያለቀ ነገር ይዞ ይመጣል።

እሱን አላየሁትም። ካሣን ነው ያየሁት።

«ሽማግሌዎቹ የሚመጡበትን ቀን መቼ ነው የሰማኸው?»

ታደሰ ሊመልስ አፉን ከፈተ።

«አንተን አይደለም ታደሰ። እሱ ይንገረኝ።»

ካሣ ጋቢውን አጣጠፈ። «ለሁለቱም እንደርሳለን ብዬ ነበር።»

«የትኞቹ ሁለቱ? የጭነት መኪናውና ሽማግሌው?»

ጋቢውን ዘርግቶ እንደገና አጣጠፈው።

«ላሊበላ ልትደርስ አስበህ ነበር? አንድ ቃል ንገረኝ። አዎ ካልክ አምንሃለሁ።»

አዎ አላለም። እግዜር ያሳይሽ፣ መዋሸት እየቻለ አልዋሸም። አቀረቀረ። ታደሰ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ውጭ መኪናውን ልየው ብሎ ወጣ። ሁለታችን ብቻ ቀረን።

ብነግርሽ አትመጪም ነበር አለኝ ካሣ በቀስታ። ስትቆጪ ማየት አልወድም አለ። ብትቆጪም መንገድ ላይ ይበርድልሻል፣ ጋሸናን ታያለሽ፣ አየሩ ጥሩ ነው፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ እንሄዳለን ብዬ ነው አለ። ከልቡ ነው። የሚገርመው ከልቡ መሆኑ ነው። እኔን ከማስቆጣት ማታለል ይቀለዋል፣ ይህንን ደግሞ ደግነት ይለዋል። ሰውም እንዲሁ ይለዋል።

ጮህኩ። ወ/ሮ ጥሩወርቅ እንደሰሙ አውቃለሁ፣ ግቢው ሁሉ ሰምቷል። ቁጣዬን የምትፈራው ለምንድን ነው፣ መትቼህ አውቃለሁ፣ ሰድቤህ አውቃለሁ፣ ቁጣዬ ምን ያደርግሃል አልኩት። ቁጣዬን ስትሸሽ እኔን ነው የሸሸኸው አልኩት። ሌላም ብዙ አልኩ። ቤተ ጊዮርጊስ ላይ ቆሜ ከደረደርኩት አንዱም አልመጣልኝም፤ ሌላ ነው የተናገርኩት።

የምለው አለቀብኝ።  ከዚያ ቀና ብሎ፣

«እሺ የሺ። አሁን አለሁ። ምን ቀረሽ?»

«ናኩቶ ለአብ ገዳም።»

«ነገ አብረን እንሂድ። ታደሰ ብቻውን ይመለስ። የፈለግሽውን ያህል እንቆይ፣ ሁሉንም እንደገና አብሬሽ ልየው።»

ይህን ቃል ነበር ስጠብቅ የኖርኩት። ልክ ይህንን። ታደሰ ይመለስ፣ እኔ እቀራለሁ። እና ሲመጣ፣ ደብተሬ፣ ደስታ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልመጣም። የታየኝ እሱ ከጎኔ ሲሄድ፣ ራሱን ሲነቀንቅ፣ አንቺ እንዳልሽ ሲለኝ ነው፤ እኔ ደግሞ ፊቱን እያየሁ በልቡ የት እንዳለ ስፈልግ። ያንን ጨለማ ዋሻ እንኳ ከሱ ጋር ላልፈው አልፈለግሁም።

«አልፈልግም» አልኩት።

«ዛሬ ተናደሽ ነው።»

«ተናድጃለሁ። ነገም እናደዳለሁ። ግን ለዚያ አይደለም። ካንተ ጋር ማየት አልፈልግም።»

ከጩኸቱ ሁሉ ይህኛው መታው፤ በቀስታ ስለተናገርኩት ይመስለኛል። ተቀመጠ። መቼ ትመጪያለሽ አለኝ። ቤት አልመጣም አልኩት። የት ልትሄጂ? ወልድያ፣ እህቴ ጋ። ለስንት ጊዜ? አላውቅም አልኩት፣ ደግሞ ሽማግሌ እንዳትልክብኝ፣ የምትነግረኝ ካለ ራስህ መጥተህ ንገረኝ። እሺ አለ። እሺ ማለት ይቀለዋል።

ሲወጣ ጋቢውን ወንበሩ ላይ ትቶት ሄደ። ታደሰ በሩ ላይ አላየኝም።

ሰኞ፣ የካቲት 2። ጠዋት

ትንሽ ነው የተኛሁት። ፀሐይ ግቢው ገብቷል። ወ/ሮ ጥሩወርቅ ሻይ አምጥተው አጠገቤ ቆሙ። ሌሊቱን እነካሣ ከታች ሆቴል አድረው ጎህ ሲቀድ ሄደዋል አሉኝ። ሰውየው ሲሄድ የክፍልሽን ሊከፍልልሽ መጥቶ ነበር አሉ። እኔ ግን አልተቀበልኩትም፣ ራሷ ትከፍላለች አልኩት አሉ። ከዚያ ደግሞ ያንን የመሰለ ሰው ሸኝተሽ ትጸጸቻለሽ አሉኝ። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ። እግዜር ይስጥልኝ አልኩ።

እጸጸት ይሆናል። ኮምቦልቻ ያለውን ቤት አስባለሁ፣ የክፍሌን ልጆች አስባለሁ። ሴሚስተሩ ሳይከፈት ርዕሰ መምህሩ ጋ ደውዬ እነግረዋለሁ፤ ወልድያ ዝውውር እጠይቃለሁ። ካልተሰጠኝ ኮምቦልቻ ቤት እከራያለሁ፣ ሌላ ሰፈር። እህቴ ስልክ ላይ ምን ሆንሽ ሳትለኝ ነይ አለችኝ። ነገ ከሰዓት እገባለሁ።

ካሣን አልጠላውም። ይህንንም ጻፊው። ግን ሳልጠላው ልተወው እችላለሁ፤ ይህን እስከ ዛሬ ሳላውቅ ኖሬያለሁ። ሳልናደድ የምኖርበት ቀን ሲመጣ እሱ ያኔ ይታያል። ዛሬ አልመጣም።

ናኩቶ ለአብ የሚወስደኝ ባጃጅ ደርሷል። ዋሻው ውስጥ ከጣሪያው ጠበል ይንጠባጠባል አሉ፣ ድንጋዩ ላይ ጎድጓድ ሠርቷል፣ እሱን መጀመሪያ ልየው።